ጋሽ ይመርና የሰዓዳ ካሴት

ጋሽ ይመር ሞቱ ተብሎ ሲደወልልኝ ኮምቦልቻ ሥራ ላይ ነበርኩ። የሐረጎን ዳገት በሚኒባስ ወጥቼ ደሴ ስደርስ ቀብሩ አልፏል፤ ሰው ድንኳን ውስጥ ተቀምጧል። እኔም ከሴቶቹ በኩል ገብቼ ተቀመጥኩ። ትንሽ እንደቆየን ይሠሩበት ከነበረው ኮሌጅ የመጣ አንድ ሰውዬ ከወንዶቹ መሃል ተነሳና ስለ ሟቹ ሁለት ቃል ልናገር አለ።

«ጋሽ ይመር ከማንም ጋር ተጋጭተው የማያውቁ፣ የታዘዙትን ሁሉ በትህትና የሚፈጽሙ ሠራተኛ ነበሩ።»

«ውሸት ነው» አልኩ። ቀስ ብዬ ያልኩ መስሎኝ ነበር።

አጠገቤ የነበሩት ሴትዮ ጉልበቴን ጨበጥ አድርገው፣ «አንቺ ልጅ፣ ለቅሶ ቤት ነው» አሉኝ። ዝም አልኩ። ዝም ያልኩት ግን ለዚያች ቀን ብቻ ነው።

ጋሽ ይመር ተጋጭተዋል። ከኮሌጁ ዲን ጋር ተጋጭተዋል፣ ከሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው ጋር ተጋጭተዋል፣ ከኔ ጋርማ በሳምንት ሁለቴ ይጋጩ ነበር። የታዘዙትንም ሁሉ አልፈጸሙም። የሞተን ሰው ማመስገን ያለ ነው፤ ግን ሰውዬውን ከድንኳኑ አስወጥቶ በቦታው ሌላ ሰው አስቀምጦ ማመስገን ሌብነት ነው። ስለዚህ እኔ የማውቃቸውን ልጻፍ።

ከአሥረኛ ክፍል በኋላ መሰናዶ የሚያስገባ ውጤት አልመጣልኝም። ሰው ሲጠይቀኝ «አልመጣልኝም» እላለሁ እንጂ እውነቱን ለመናገር አላጠናሁም። ደሴ ካሉት የሙያ ኮሌጆች በአንዱ ጽሕፈት ተመዘገብኩ። ቁጭ ብዬ መተየብ ግን አልሆነልኝም፤ መቀመጫዬ ላይ እሾህ ያለ ይመስል እቁነጠነጥ ነበር። ሬዲዮ ጣቢያውን ያገኘሁት ከክፍል ሾልኬ ስወጣ ነው።

ጣቢያ ስል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ያለች፣ ድሮ የጽዳት ዕቃ ይቀመጥባት የነበረች አንዲት ክፍል ናት። ግድግዳዋ ላይ የእንቁላል መያዣ ካርቶን ተለጥፏል፣ በሯ ላይ ብርድ ልብስ ተንጠልጥሏል፣ ጣሪያዋ ላይ አንቴና ቆሟል። በሳምንት ሦስት ቀን፣ በምሳ ሰዓት፣ ለአንድ ሰዓት እናስተላልፋለን። የጦሳ ተራራ ከኋላችን ስለቆመ በዚያ በኩል ማንም አይሰማንም። ቁልቁል ወደ ኮምቦልቻ ግን ድምፃችን ይወርዳል፤ ገበያ ውስጥ በትንንሽ ሬዲዮ እያዳመጡ ስማችንን የሚያውቁ ነጋዴዎች ነበሩ። የምንቀዳው፣ የምናዘጋጀው፣ የምናነበው እኛው ተማሪዎች ነን። አሠልጣኝ ተብሎ በወረቀት የተመደበልን ከአዲስ አበባ የሚመጣ አንድ መምህር ነበር። በሴሚስተር ሁለቴ ይመጣል፣ ሰሌዳው ላይ «ላኪ» እና «ተቀባይ» ብሎ ጽፎ በመሃላቸው ቀስት ይሥላል፣ ይሄዳል። የተማርነውን የተማርነው ከጋሽ ይመር ነው። የሳቸው የሥራ መደብ «ቴክኒሽያን» ነበር የሚለው።

ጋሽ ይመር ደሴ ፒያሳ ከምትገኝ የሬዲዮ መጠገኛ ኪዮስካቸው ነው የመጡት። ትምህርታቸው ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም። ግራጫ ገዋን ይለብሳሉ፤ ከደረት ኪሳቸው የካቻቪቴ እጀታ ብቅ ይላል። ባትሪ የሚፈትሹት በምላሳቸው ነው። ነካ ያደርጉትና «ይቺ ሞታለች»፣ «ይቺ ለአንድ ዜና ትበቃለች» ይላሉ። አንድ ቀን ልናሳፍራቸው ብለን በመለኪያ ለካነው፤ ያፈርነው እኛ ነን። ሲያዳምጡ ዓይናቸውን ጨፍነው የግራ ጆሯቸውን ጫፍ በሁለት ጣት ይይዛሉ። ጆሯቸውን ከለቀቁ አልወደዱትም ማለት ነው።

መጀመሪያ ቀን ዜና እንዳነብ ሰጡኝ። ቤተሰቤ ጴንጤ ነው፤ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ባለው ቸርቻችን ማስታወቂያ የማነበው እኔ ስለነበርኩ ድምፅ ማወፈርና ማንቀጥቀጥ እችልበታለሁ። አወፈርኩት። አንቀጠቀጥኩት። ጋሽ ይመር ጆሯቸውን ለቀቁ።

«ማነው ያነበበው?»

«እኔ ነኛ።»

«አይደለሽም። አንቺን ቅድም በር ላይ፣ ወረፋዬን ወሰዳችሁብኝ እያልሽ ከልጆቹ ጋር ስትጣዪ ሰምቼሻለሁ። እሷ ልጅ የታለች?»

«ያ እኮ ጭቅጭቅ ነው ጋሽ ይመር። ይሄ ዜና ነው።»

«ዜናውን ለሷ ስጫትና ታንብበው። ይሄን የተዋስሽውን ደግሞ ለባለቤቱ መልሽለት።»

ልጆቹ ሳቁ። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ጥዬ ወጣሁ። ዳግመኛ እዚህ ቤት ብገባ አልኩ፤ በማግስቱ ገባሁ። ጋሽ ይመር ቀና ብለው እንኳ ሳያዩኝ፣ «መጣሽ ሩት? አብሽሪ፣ ከዚህ ክፍል ተናዶ ያልወጣ የለም» አሉኝ።

ጣቢያዋ ከሌላ ጣቢያ የምትለይበት አንድ ሕግ ነበራት፤ ያወጡት ጋሽ ይመር ናቸው። ማንንም ሰው ከቀዳን፣ ከመተላለፉ በፊት ቴፑን ተሸክመን እሰውዬው ዘንድ እንመለሳለን፤ ሄድፎኑን ጆሮው ላይ አድርገን፣ ቆርጠን ያስተካከልነውን እናሰማዋለን። «እኔ ነኝ፣ ይሂድ» ካለ ይሄዳል። «ይቺን አውጡልኝ» ካለ ትወጣለች። ከአዘጋጆቹ በቀር ከባለድምፁ በፊት ማንም አይሰማውም። «ድምፅ ባለቤት አለው» ይሉ ነበር ጋሽ ይመር፣ በቀን አሥር ጊዜ።

የአዲስ አበባው መምህር ይሄን ሲሰማ ሳቀ። «በዓለም ላይ እንዲህ የሚሠራ ጣቢያ የለም» አለን። ሄደን ነገርናቸው።

«ልክ ብሏል፣ የለም» አሉ ካቻቪቴያቸውን እየጠረጉ። «እኛ አለን።»

«ባለሥልጣን ብንቀዳስ? እሱ ዘንድም እንመለስ?» አልኩ እኔ፣ ላጠምዳቸው ብዬ።

«እሱ ማይክ ፊት የመጣው ሊናገር አስቦበት ነው፤ ጸሐፊም አለው። አትመለሺ። ገበያ መሃል ያስቆምሻትን ሴትዮ ግን ያናገርሻት አንቺ ነሽ።»

ሕጉ ከየት እንደመጣባቸው የነገሩኝ አንድ ቀን ማይክ አብረን ስንበይድ ነው። በደርግ ጊዜ ሰው ሬዲዮ ለጥገና ሲያመጣ መርፌዋ መጨረሻ ሲሰማ የነበረው ጣቢያ ላይ ቆማ ነው የምትመጣው። «ማን ምን እንደሚያዳምጥ ከኔ በላይ የሚያውቅ ደሴ ውስጥ አልነበረም» አሉኝ። «ስለዚህ ሬዲዮ ስቀበል መጀመሪያ የማደርገው ባለቤቱ ፊት መርፌዋን እስከ ጥግ ማዞር ነው። የት ቆማ እንደነበር እንዳላይ።»

«ማንም አልጠየቀዎትም?»

«ጠየቁኝ እንጂ። ሦስት ሳምንት አስቀምጠው ጠየቁኝ። የሰው ጆሮም ባለቤት አለው አልኳቸው፤ ይሄን ስል ነው ጥርሴ የወለቀው።» ከንፈራቸውን በጣታቸው ገለጥ አድርገው ክፍተቱን አሳዩኝ፤ ሳቁም።

እኔ ሕጉን አንዴ ጥሻለሁ። ስለ በርበሬ ዋጋ ልቀዳ ኮምቦልቻ ገበያ ወርጄ እትዬ ዘሃራ የሚባሉ ነጋዴ አገኘሁ። ስለ ዋጋ ብጠይቃቸው ስለ ሁሉ ነገር መለሱልኝ። በመጨረሻ፣ «አንዳንዱማ ሸክላ ፈጭቶ ይቀላቅልበታል፤ እኔ እንኳ አላህን እፈራለሁ» አሉ። ቴፑን ከዘጋሁ በኋላ ክንዴን ይዘው፣ «የሸክላዋን ነገር ተያት እሺ የኔ እናት፤ እዚሁ ከነሱው ጋር ነው የምውለው» አሉኝ። እሺ አልኩ። ደሴ ተመልሼ ከካሴት ወደ ካሴት ስገለብጥ ረሳሁት። ተመልሼ ባሰማቸው ኖሮ ያስታውሱኝ ነበር። ዝናብ ነበር፣ ሐረጎ በጉም ተሸፍኖ ነበር እያልኩ ሰበብ መደርደር እችላለሁ። ሰልችቶኝ ነው። ጋሽ ይመር «አሰማሻቸው?» ሲሉኝ «አዎ» አልኳቸው፤ የሸክላዋ ነገር እንዳለች ተላለፈች።

በቀጣዩ የገበያ ቀን የበርበሬ ተራ ነጋዴዎች ተሰብስበው እትዬ ዘሃራን ከመሃላቸው አስወጡ። ጆንያቸውን ጎትተው አህያ ከሚታሰርበት ጥግ ወረወሩት። ወሬው ለጋሽ ይመር ደረሰ። ይጮሁብኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ «ነገ እንወርዳለን» ብቻ አሉኝ።

እትዬ ዘሃራ ከሩቅ አዩን። «መጣች የሬዲዮዋ እመቤት» አሉ። «ዛሬ ደግሞ የማንን ጎጆ ልታፈርሺ ነው?»

«አሰላሙ አለይኩም ዘሃራ» አሉ ጋሽ ይመር። «ይቺ ልጅ ድምፅሽን ሳታሰማሽ አስተላልፋለች። እኔንም ዋሽታኛለች። ጣቢያው በኔ እጅ ነው፤ ጥፋቱ የሁለታችን ነው።»

«ወአለይኩም ሰላም። ታዲያ ምን ይዛችሁልኝ መጣችሁ?»

«እሷን።»

«እሷን ምን ላድርጋት?»

«ትሽጥልሽ።»

ሦስት የገበያ ቀን አህዮቹ አጠገብ ተቀምጬ በርበሬ ሸጥኩ። ዓይኔ ያብጣል፣ አፍንጫዬ ይፈሳል። እትዬ ዘሃራ ከኋላዬ ሆነው፣ «ድምፅሽን አውጪ እንጂ፣ ሬዲዮ ላይ እንዲህ አልነበርሽም» ይሉኛል። ጋሽ ይመር ሦስቱንም ቀን አብረውኝ ወርደው፣ ጥላ ሥር ቁጭ ብለው የነጋዴውን ሬዲዮ በነፃ ሲጠግኑ ዋሉ። በሦስተኛው ቀን ከተራው አንዷ መጥታ፣ «ነይ ዘሃራ፣ ቦታሽ ግቢ፤ ይቺ ልጅ በጩኸቷ ገዢ ልታስበረግግብን ነው» አለች። እትዬ ዘሃራ ጆንያቸውን አስነስተውኝ ወደ ቦታቸው ተመለሱ። እኔም ከዚያ በኋላ ማንንም ሳላሰማ አላስተላለፍኩም።

የሰዓዳ ነገር የመጣው በቀጣዩ ዓመት ነው።

ሰዓዳ ከደሴ ወጣ ብሎ ካለው ከገራዶ የመጣች የገበሬ ልጅ ናት። ብረታ ብረት ክፍል ውስጥ ከነበሩት ሁለት ሴቶች አንዷ ነች። አንድ ጠዋት የላሜራ መቁረጫው ማሽን ከቀኝ እጇ ሁለት ጣት ወሰደባት። ሆስፒታል ሳለች ኮሌጁ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ወረቀት ለጠፈ፤ አደጋው የደረሰው በተማሪዋ የግል ጥንቃቄ ጉድለት መሆኑ መረጋገጡን ይገልጻል፤ ስሟን ከነአባቷ ይጠራል፤ በሙያው መቀጠል ስለማትችል ከትምህርቷ መሰናበቷን ያሳውቃል። ክፍሉ ውስጥ ያሉት ልጆች ግን ሌላ ነበር የሚያወሩት። የማሽኑ መከለያ ከተነሳ ቆይቷል፤ ደጋግመው ተናግረዋል፤ ዝም ብላችሁ ሥሩ ተብለዋል። ይሄን ስሙን ጠቅሶ ማይክ ላይ የሚናገር አልተገኘም።

«እሷን ጠይቂያት» አሉኝ ጋሽ ይመር። «ጣቱ የሷ ነው።»

ገራዶ ሄድኩ። አባቷ በር ላይ ተቀብለውኝ፣ «ተዪው ልጄ፣ ከመንግሥት ቤት ጋር ምን ያጣላናል» አሉኝ። ሰዓዳ ከውስጥ፣ «አባዬ፣ አስገባት። እኔን ያጣሉኝ እነሱ ናቸው» አለች። እጇ በፋሻ ተጠቅልሏል። ቀዳኋት። ስለ ማሽኑ፣ ስለ መከለያው፣ ለማን እንደተናገሩና ምን እንደተባሉ አንድ በአንድ ነገረችኝ። መሃል ላይ ጣቶቿን የት እንዳደረሷቸው እንደማታውቅ ስትናገር አለቀሰች፤ እኔም ቴፑን አላጠፋሁም።

ከሁለት ቀን በኋላ ያስተካከልኩትን ይዤ ተመለስኩ። ሄድፎኑን አደረግሁላት። እስከ መጨረሻው ሰማችና፣ «ለቅሶዬን አውጪው» አለችኝ።

«ሰዓዳ፣ እሱ እኮ ነው ሰው የሚነካው።»

«እንዲነካቸው አይደለም የምፈልገው። ሲሰሙ 'ውይ ምስኪን' ብለው ይጨርሱታል። አውጪው። ስለ ማሽኑ ካልኩት ግን አንዲት ቃል እንዳትነኪ።»

«ስምሽስ?»

«ሰሌዳ ላይ ለጥፈውት የለ እንዴ? ይጠራ።»

«ምን እንዲደረግልሽ ነው የምትፈልጊው? መጨረሻ ላይ እሱን ልጨምርበት።»

ቴፑን ከፈትኩ። «ወረቀቱን ያንሱልኝ» አለች ሰዓዳ። «ክፍሌም ይመልሱኝ። ስምንት ጣት አለኝ።»

እንዲተላለፍ የታሰበው ረቡዕ ነው። ማክሰኞ ዲኑ ራሱ ስቱዲዮ መጣ። ከዚያ በፊት እግሩ ረግጧት አያውቅም፤ ብርድ ልብሱን በሁለት ጣቱ ገልጦ ገባ።

«ጋሽ ይመር፣ አንድ ካሴት አለ አሉ።»

«ብዙ ካሴት አለ።»

«የልጅቷ።»

«አለ።»

«ከመተላለፉ በፊት ማኔጅመንቱ ይስማው።»

«ድምፁ የእርስዎ ነው?»

ዲኑ ፈገግ አለ። «እንዴት ማለት?»

«እዚህ ቤት ከመተላለፉ በፊት የሚሰማው ባለድምፁ ነው። ሰምታዋለች፤ ይሂድ ብላለች። እርስዎ እዚያ ላይ ተናግረዋል?»

«እኔ የዚህ ኮሌጅ ዲን ነኝ።»

«አውቃለሁ። መልስ ካለዎት ይቀመጡ፤ ማይኩ ይኸው፣ ሩት ትቀዳዎታለች። ከሷ ቀጥሎ እናስተላልፈዋለን።»

ዲኑ ማይኩን አየው። ሊቀመጥ ነው ብዬ ካሴት አወጣሁ። ዞሮ ወጣ። ከሰዓት በኋላ ጥበቃው ቁልፍ ይዞ መጥቶ፣ «ጋሽ ይመር፣ ታዝዤ ነው» አለና በሩን ቆለፈው። ረቡዕ በምሳ ሰዓት ኮምቦልቻ ገበያ ሬዲዮውን የከፈተ ሰው የሰማው ሽሽ የሚል ድምፅ ብቻ ነው። ካሴቱ ግን የጋሽ ይመር ገዋን ኪስ ውስጥ ነበር።

ዓርብ ግምገማ ተጠራ። ያን ጊዜ መሥሪያ ቤት የሠራ ሰው ግምገማ ምን እንደሆነ አይጠፋውም፤ ለሌላው ልንገር። ሠራተኛው በሙሉ አዳራሽ ይሰበሰባል፣ ሰውዬው ይቆማል፣ ሁሉም በየተራ ጉድለቱን ይነግረዋል፣ እሱም በመጨረሻ ጥፋቴ ነው ብሎ ግለ ሂስ ያወርዳል፣ ጸሐፊው ቃለ ጉባኤ ይይዛል። በዋዜማው የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው ቢሮው አስጠርቶኝ ነበር። ባሕር ዳር ላለ ትልቅ ጣቢያ የልምምድ ደብዳቤ በስሜ ተጽፎ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። ማሕተሙ ብቻ ነው የቀረው።

«ሩት፣ አንቺ ጎበዝ ልጅ ነሽ» አለኝ። «ተልኬ ነው፣ ተገፋፍቼ ነው በይ። እሱ አርጅቷል፤ የሚያጣው ነገር የለም።»

ደብዳቤውን አየሁት። ዋሽቼ ምንም አልነካኝም አልልም፤ ሌሊቱን ሙሉ ባሕር ዳር ነበርኩ።

አዳራሹ ውስጥ የአስተዳደሩ ሰዎች ተራ በተራ ተነሱ። የአመለካከት ችግር አለበት፣ ተቋሙን ጥላሸት ይቀባል፣ ተማሪ ያሳምፃል። እስከዚያ ቀን «ጋሽ ይመር» ሲሉ የነበሩት ሁሉ «አቶ ይመር» ማለት ጀመሩ። ጋሽ ይመር ፊት ለፊት ቆመው የግራ ጆሯቸውን ይዘው ያዳምጣሉ። እየተናገረ ያለው ሰው ሳይጨርስ ጆሯቸውን ሲለቁ እኔ ብቻ ነኝ ያወቅሁት፤ መሳቅ አማረኝ።

የእኔ ተራ ደረሰ። ደብዳቤውን ተውኩት። ከዚያ ግን ሌላ ብልጠት መጣልኝ፤ ጋሽ ይመርን ላድናቸው አልኩ።

«ጋሽ ይመር ስለ ካሴቱ ምንም አያውቁም» አልኩ ድምፄን ከፍ አድርጌ። «ገራዶ የሄድኩት በራሴ ነው። የቀዳሁትም፣ ያዘጋጀሁትም እኔ ነኝ። እሳቸው አንድም ቃል አልሰሙም።»

ዲኑ እንኳ ቀለል ያለው መሰለኝ፤ ያረጀ ሠራተኛ ከማባረር አንዲት ተማሪ ማባረር ይሻለዋል።

ጋሽ ይመር እጃቸውን አወጡ። «ትዋሻለች» አሉ።

ጸሐፊው ቀና አለ።

«ጻፈው። ሂጂ ያልኳት እኔ ነኝ። ካሴቱን ሁለት ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ውሸት አላገኘሁበትም። መከለያውን ደግሞ ራሴ ሄጄ አይቼዋለሁ፤ ከግምጃ ቤቱ ጀርባ ዝናብ እየመታው ተቀምጧል። ግለ ሂስ አውርድ ካላችሁኝ አወርዳለሁ፤ ጥፋቴ ማሽኑን ከልጅቷ በፊት አለማየቴ ነው። ሌላ የለኝም። አሁን የጻፍከውን አንብብልኝ።»

«ቃለ ጉባኤ ለተገምጋሚ አይነበብም» አለ ዲኑ።

«ድምፁ የኔ ነው» አሉ ጋሽ ይመር። ቆመው ጠበቁ። ጸሐፊው ዲኑን አየ፣ ጋሽ ይመርን አየ፣ ከዚያ ምን እንዳሰበ እንጃ፣ ማንበብ ጀመረ። «መከለያው» የሚለውን ዘሎታል። «እሱን ጨምር» አሉት። ጨመረ።

ውጭ ስንወጣ መንገዳቸውን ዘግቼ ቆምኩ። «አድኜዎት ነበር እኮ» አልኳቸው። «አሁን ሁለታችንም ወጣን።»

«በምን ነው ያዳንሽኝ? በውሸት። ነገ ስለ ሰዓዳ ማሽን ስትናገሪ፣ አዳራሽ ውስጥ የዋሸች ልጅ ናት ሲሉሽ ምን ትያለሽ? ለኔ ብለሽ የሷን ካሴት ልታቃጥዪው።»

መልስ ሲጠፋኝ መሳደብ እወዳለሁ፤ «ደረቅ ሽማግሌ» አልኳቸው።

«አዎ» አሉ። «አብሽሪ።»

ሰኞ ውላቸው ተቋረጠ። የእኔ ደብዳቤ ማሕተም ሳያርፍበት ቀረ፤ ከጣቢያውም ታገድኩ። ጣቢያዋ ከዚያ ወዲህ ሙዚቃና የኮሌጁን ማስታወቂያ ታሰማለች። ሰዓዳ ወር ሳይሞላት ወደዚያው ብረታ ብረት ክፍል ተመለሰች፤ ማሽኑ መከለያ ተገጠመለት፤ ወረቀቱን ከሰሌዳው ማን እንዳነሳው ያየ የለም። ይቅርታ ያላትም የለም። ጋሽ ይመር ኪዮስካቸው ገብተው እስኪሞቱ ድረስ ሬዲዮ ጠገኑ። ድንኳኑ ውስጥ መነገር የነበረበት ይሄ ነው፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ውላቸው በተቋረጠ በሦስተኛው ቀን የሆነው።

ኪዮስኳ የኮምቦልቻ ሚኒባሶች ከሚሰለፉበት ፊት ለፊት ነበረች። ጋሽ ይመር ሰርግ ላይ የሚከራይ ሞንታርቦ ከአንድ ወዳጃቸው ለምነው አምጥተው በር ላይ አቆሙት። ቴፑን አገናኙ። ሰዓዳ ከአባቷ ጋር ከገራዶ መጣች፤ ፋሻ የተጠቀለለውን እጇን በሻርፕ ሸፍናዋለች። እኔ ቁልፉን ልጫን ጎንበስ ስል ጋሽ ይመር ገዋናቸውን እየቆለፉ፣ «የድምፁ ባለቤት ቆማ?» አሉኝ።

ሰዓዳ ሻርፑን ገለጠች። ከፋሻው ውጭ በቀረው አውራ ጣቷ ቁልፉን ተጫነችው።

ድምፅዋ መንገዱን ሞላው። ረዳቶቹ «ኮምቦልቻ፣ ኮምቦልቻ» ማለታቸውን ቀስ በቀስ ተዉ። ከሚኒባስ የሚወርድ ሰው መውረዱን ትቶ ቆመ። አባቷ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ነበር የቆሙት፤ ስለ መከለያው ስትናገር ዞሩ። ከኮሌጁም ምሳ የወጡ ተማሪዎች እየሰሙ ተጠጉ። ከብረታ ብረት ክፍል አንዱ ከሰው መሃል፣ «እውነቷን ነው፣ እኔም ነበርኩ» አለ። ከዚያ ሌላው።

ፖሊስ የመጣው ካሴቱ ሊያልቅ ሲል ነው። ወጣት ነው፣ የኛው ሰፈር ልጅ።

«ጋሽ ይመር፣ ፈቃድ አላችሁ?»

«ለሬዲዮ ጥገና አለኝ። እየፈተሽኩ ነው።»

«ያጥፉት በናትዎ፣ ከላይ ተደውሎ ነው።»

«የኔ አይደለም» አሉ ጋሽ ይመር። «ያቻት ባለቤቷ። ጠይቃት።»

ልጁ ወደ ሰዓዳ ዞረ። እጇን አየ። ከሞንታርቦው የምትናገረዋና ፊቱ የቆመችው አንድ መሆናቸው ያኔ የገባው ይመስለኛል። «እህቴ» አለ፣ ሌላ ቃል ሳይጨምር። በመሃሉ ድምፅዋ ከሞንታርቦው «ስምንት ጣት አለኝ» ብሎ አቆመ፤ ካሴቱም ጨርሶ ቀጭ አለ።

«እንኳን አለቀ» አለ ፖሊሱ እፎይ ብሎ። «በሉ እንግዲህ፣ ሰዎች፣ ተበተኑ።»

ሰዓዳ መንገዱን አሻግራ አየች። ከኮምቦልቻ ገና የደረሱ ሁለት ሚኒባሶች ሰው እያወረዱ ነበር፤ የወረዱት ሰዎች ሕዝቡ ምን ለማየት እንደቆመ አንገታቸውን አስግገው ይጠይቃሉ።

«እነዚያ አልሰሙም» አለችና ካሴቱን ወደ መጀመሪያው መለሰችው።